ለፊቢ የተሰፉ ቀሚሶች

ወይዘሮ ታቢታ ሆልኮም ከአባታቸው ከአቶ አሳፍ ዊክስና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሂታቤል በ1843 በቨርሞንት ተወለዱ። ከአሥር ልጆች ስምንተኛ ነበሩና ጭርታ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አደጉ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው እዚያው አስተማሩ።

በ1869 ወንጌላዊ ኢዝራ ሆልኮምን አግብተው ወደ ነብራስካ፣ ሉፕ ወንዝ ዳር መጡ። ቤታቸው ከነሣሩ ተቆርጦ በተደራረበ አፈር የተሠራ ነበር። ባላቸው ሰባት የስብከት ጣቢያ ስለነበራቸው ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ፈረስ ላይ ነበሩ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ፖኒዎች ከገዛ አገራቸው ተነቅለው ወደ ደቡብ ከሄዱ ወዲህ ደግሞ በደጃፋቸው የሚያልፍ ሰው እንኳ ጠፋ።

አንዲት ልጃቸው ፊቢ በ1871 ተወለደች። በምሥራቅ አሜሪካ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በየዓመቱ ልብስ በበርሜል ሞልተው ለሚስዮናውያን ይልካሉ፤ የሚስዮናዊ ሚስት ፈንታ የቤተሰቡን ልክ ጽፎ መስደድ ነው። በ1876 መኸር ፊቢ በጉሮሮ በሽታ በአምስት ቀን ሞተች። አባቷ ሩቅ ነበሩ። ወይዘሮ ታቢታ ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፍረው፣ ጸሎቱንም ራሳቸው አድርሰው ቀበሯት። በሦስተኛው ሳምንት በልኳ የተሰፋው ቀሚስ ደረሰ።

በዓመቱ ልክ የሚጻፍበት ጊዜ ሲመጣ ስሟን መተው አልሆነላቸውም። ሁለት ጣት ጨምረው ጻፉ። የሞተ ልጅ አያድግም፤ የእሳቸው ብዕር ግን አሥራ አንድ ዓመት አሳደጋት። እያንዳንዱን ቀሚስ ሳምንት ያህል ግድግዳ ላይ ሰቅለው ካዩት በኋላ ለሰፋሪ ልጆች ይሰጡ ነበር። ባልና ሚስቱ ስለ ልጅቱ አንስተው አያውቁም። የወንጌላዊ ሚስት ሆነው መዋሸታቸው ግን እንቅልፍ ነሳቸው። በ1888፣ ባላቸው ከአገልግሎት እንዳይባረሩ እየሰጉ፣ እውነቱን ጽፈው ይቅርታ ጠየቁ።

የሴቶቹ ኃላፊ ወይዘሮ ሎይስ ታትል እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ታቢታ እህቴ፣ ባልሽ ያኔውኑ ጽፎልን አውቀናል። አንቺ ልኳን እየላክሽ እኛ ምን ቤት ነንና አንሰፋም እንላለን? እኔም ሁለት ቀብሬአለሁ። ይልቅ የዘንድሮውን ቶሎ በይ፣ ጨርቁ ተገዝቷል።»

ባልና ሚስቱ ልጃቸውን አብረው ያለቀሱት ያን ቀን ነው። ወይዘሮ ታቢታም «አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አልጨመረችም» ብለው የአምናውን ልክ ላኩ። ሰማያዊ ቀሚስ መጣ። እሱን ለማንም አልሰጡም።

ባላቸው በ1894 አረፉ። ወይዘሮ ታቢታ ከዚያ ወዲያ አሥራ ሦስት ዓመት ለብቻቸው ኖረው፣ በሳንባ ምች ታመው መጋቢት 9 ቀን 1907 በ64 ዓመታቸው አርፈዋል። ከኋላቸው የቀሩት ታናሽ እህታቸው፣ ይህን የጻፈችው የእህታቸው ልጅ፣ በልጅነታቸውም የፊቢን ቀሚስ የለበሱ ዛሬ እዚህ የቆሙ ዘጠኝ እናቶች ናቸው። ሰማያዊው ቀሚስ በኑዛዜያቸው መሠረት ከእሳቸው ጋር በሣጥኑ ውስጥ ነው።

ልጃቸውን ብቻቸውን የቀበሩትን እኒህን እናት፣ አምላክ ሰውና ጫጫታ ከሞላበት ቤቱ ያግባቸው። በሩንም ፊቢ ትክፈትላቸው።