ደሬ፣ ቡድንህ ከሊጉ ወረደ

ውዴ ደሬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ ልብስ ከማድረቂያው ላወጣ፣ አንዴ የቆለፍኩትን በር ላረጋግጥ። መቀመጥ አቅቶኛል። አሁንም የምጽፍልህ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ልጅህ ማክዳ የመለማመጃ መንጃ ፐርሚት አውጥታ መንዳት ጀምራለች፤ ሃይዌይ ስትገባ እኔ ከጎኗ ሆኜ የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ። ሥራዬ ያው ሪቻርድሰን ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያው ነው። ሺፍቴን ግን አስቀይሬ ቅዳሜን ኦፍ ወሰድኩ። ምክንያቱን ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር።

ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ቤቱ ጭር ባለ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክህ ጮኸ። ያ የስኮትላንድ ቡድንህ፣ አራተኛው ዲቪዚዮን ግርጌ የተቀመጠው፣ ጨዋታ ሊጀምር ነው ይላል። አሜሪካ ከመምጣትህ በፊት በዚያች የባሕር ዳር ከተማ አንድ ዓመት ስትማር፣ ሰው ሁሉ ባዕድ ሆኖብህ ሳለ፣ የስታዲየሙ በር ጠባቂ ሽማግሌ በሁለተኛው ቅዳሜ በስምህ እንደጠሩህ ስንቴ ነገርኸኝ! እኔ ደግሞ «የዓለም ቡድን ሞልቶ ሦስት መቶ ሰው የሚያየውን ትደግፋለህ?» እልህ ነበር። «ሦስት መቶ አንድ ነን» ትለኛለህ።

ስልኩን ላጠፋው አንሥቼ ጨዋታውን ከፈትኩት። አንድ ካሜራ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ንፋስ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። የሚያስተላልፈው ሰውዬ ምን እንደሚል ማክዳን ብጠይቃት «ማሚ፣ ይሄ እኮ ኢንግሊሽ አይደለም» አለችኝ። ከሞትክ ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። እስከ ኅዳር ማሸነፍ የሚባል የለም። ጥር ላይ ሜዳው በረዶ ሆነና ጨዋታው ሦስት ቅዳሜ ተራዘመ። የማደርገውን አጥቼ የታጠበ ሰሃን መልሼ አጠብኩ፤ መኪናዬን አስነሥቼ እስከ ኧርቪንግ፣ አንተ የኤርፖርቱን አውቶቡስ ትነዳበት እስከነበረው ቦታ ሄጄ ሳልወርድ ተመለስኩ። መጋቢት ላይ ሁለት በተከታታይ ሲያሸንፉ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ።

ዞሮ ዞሮ ከአሥሩ ቡድኖች አሥረኛ ሆነው ጨረሱ። አሥረኛው ከታችኛው ሊግ ከመጣ ቡድን ጋር ደርሶ መልስ ይጫወታል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ከሜዳቸው ውጪ አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። የመልሱ ዕለት ጠዋት ሱፐርቫይዘሬ ኮል አድርጋ ሰው ቀርቶብናልና ነዪ አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እምቢ ብያት የማላውቀውን ሴትዮ «የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ» ብያት ስልኩን ዘጋሁት።

በሰባኛው ደቂቃ በግንባር አንድ አገቡ። ድምሩ አቻ ሆነ። ተጨማሪ ሰዓት ሲጀመር ሶፋውን እዞራለሁ፣ ጋራዥ ወጥቼ እመለሳለሁ። ፍጹም ቅጣት ምት ሲደርስ ማክዳ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። የመጨረሻውን የመታው ካፒቴኑ ነው፤ ያ በሥራ ቀን ቧንቧ ይጠግናል ያልከኝ። ከአግዳሚው በላይ ላካት።

ወረዱ፣ ደሬ።

ካሜራው አልጠፋም። ካፒቴኑ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አንዲት አሮጊት ከመቀመጫቸው ወርደው ካፖርታቸውን አወለቁና ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። ይሄኔ እንባዬ መጣ።

ማክዳ ደነገጠች። «ማሚ፣ አንቺ ፉትቦል አትወጂም እኮ። ሶ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?»

ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። ለአንተም ልንገርህ። ሆስፒታል በመጨረሻው ቅዳሜህ፣ ትንፋሽ እያጠረህ «ስንት ለስንት?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ውጤቱን አላየሁም ነበር። «ሁለት ለዜሮ አሸነፉ» አልኩህ። ፊትህ በራ። «ማን አገባ?» አልከኝ። አንድም ስም አላውቅምና ትራስህን እንደማስተካክል ሆኜ ዝም አልኩ። ሰኞ ዐረፍክ። በኋላ ሳየው ለካ አራት ለዜሮ ተሸንፈው ኖሯል። ውሸቱን ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ። ያ ዝምታዬ ግን ይኸው ስምንት ወር ሙሉ አላስቀምጥ ብሎኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ ከምትወዳቸው ሰዎች የአንዱን ስም እንኳ አልያዝኩልህም።

ማክዳ እቅፍ አድርጋኝ ቆየች።

ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ሲሆን እግሬ አላስቆም አለኝና ወጥቼ ሰፈሩን ዞርኩ። እየሄድኩ ከበረኛው ጀምሬ የአሥራ አንዱንም ስም ድምፄን አውጥቼ ጠራሁ። አንድም አልሳትኩም። ሐምሌ ላይ በታችኛው ሊግ ይጀምራሉ አሉ፤ አዲስ የሚመጡትንም እይዛለሁ። አንተንም እንዲሁ ነው የማስታውስህ፤ በደፈናው ሳይሆን፣ የወደድካቸውን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራሁ።

ባለቤትህ አስቴር
ዋይሊ፣ ግንቦት