ዱባ የማይባልበት ቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
እንደ ወትሮው ማልጄ ገባሁ። ጠረጴዛ ወለወልኩ፣ የጨው ዕቃዎቹን ሞላሁ። ከዚያ አዲሱ ሜኑ መጣ... ጥቁር ሽፋን፣ ወርቅማ ጽሑፍ። የዱባ ሾርባችን «ቬሉቴ» ሆናለች። ድንች በወተት «ግራታን»። የተከተፈው ጥሬ ሥጋ «ታርታር»። ሼፉን «ምግቡ ተቀየረ እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ኧረ ምን ተቀይሮ! ድስቱም ያው፣ ማማሰያውም ያው፣ እኔም ያው» አለኝ።
ማናጀሩ ግን ሕግ አወጣ። እንግዳ ቢጠይቅ እንኳ በተራ ስም መጥራት ክልክል። «ዱባ የምትባል ቃል በዚህ ቤት እንዳልሰማ!» ምን በደለችው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ፈተናም አለ ለካ። በየሰኞው ተሰልፈን ስሞቹን በቃል መወጣት። ሁለቴ የወደቀ ይሰናበታል። ወጣቶቹ እንደ ውሃ ጠጡት። እኔ... ሃያ ዓመት ሙሉ ማን ምን እንደሚወድ በቃሌ የያዝኩት ሴትዮ፣ ለአሥራ አራት ቃል ምላሴ ተሳሰረ። ማታ ልጄ ታስጠናኛለች። «እማዬ፣ ከንፈርሽን ሾል አድርጊው!» ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም ሳቅሁ። ግን ትምህርቷ ሊያልቅ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
እንግዶቹም አያውቁትም! ሜኑውን ይገልጣሉ... ባል ሚስቱን ያያል፣ ሚስት ጣሪያውን። ከዚያ ጣታቸውን የሆነ ቦታ ላይ ጣል። ዛሬ አንዷ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትበያለሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ግራ ቀኝ አየሁና ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። እፎይ ስትል ብታዩዋት!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ትናንት ፈተናውን ወደቅሁ። አንድ ዕድል ቀረኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ጉድ ፈላ። አንድ አባት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ከአዲሶቹ አማቾች ጋር ለምሳ መጡ። ከረባቱ አንቋቸዋል። ሜኑውን ገልጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ታርታር!» አሉ። አፋቸው ውስጥ ያሉት ጥርሶች ሁለት ቢሆኑ ነው! አላስቻለኝም። ጆሯቸው ሥር ገብቼ፣ «አባባ፣ እሱ ጥሬ ሥጋ ነው... የዱባ ሾርባ ላምጣልዎት?»
«ዱባ?!» አሉ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ። ጆሯቸውም ደከም ያለ ነው ለካ! አማቾቹ ተያዩና፣ «ውይ፣ ለእኛም ዱባ!» አሉ ባንድ አፍ። ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛም... ማናጀሩ ከቢሮው መስታወት ኋላ ቆሞ ያይ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
አልፈተነኝም። ቢሮ ጠራኝ። አበቃልኝ ብዬ ሽርጤን ፈትቼ፣ አጣጥፌ ይዤ ገባሁ።
«እንግዳ ይወድዎታል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሜትር ዶቴል ነዎት።»
«ምን ማለት ነው?»
«በር ላይ ይቆማሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ስለ ምግብ ከጠየቁዎት በሜኑው ስም ብቻ።»
«ጠረጴዛዎቼስ?»
«ለወጣቶቹ። ካልፈለጉ... ፈተናው አለ።»
እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ ድቅን አለችብኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ሼፉ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንደ ሾርባዋ አንቺም ስም ወጣልሽ!» ብሎ ቀለደ። ኩሽናው በሳቅ ተናጋ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23
ጥቁር ቀሚስ፣ የናስ ባጅ። እግሬ አብጧል፤ ቆሞ መዋልና ወዲያ ወዲህ ማለት ለካ አንድ አይደለም።
ረፋዱ ላይ ባልና ሚስት መጡ። ሴትዮዋ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሜኑ አንብባ፣ «እናቴ፣ ቬሉቴ ምንድን ነው?» አለችኝ። ማናጀሩ ከኋላዬ... ትንፋሹ ማጅራቴን ይነካኛል።
«ቬሉቴ የዕለቱ ምርጫችን ነው።»
«እሺ፣ ግን ከምን ይሠራል?»
ያንኑ ደገምኩላት። ፈገግ ብዬ። ባልየው ክንዷን ያዘና፣ «ነይ እንሂድ፣ ይሄ የእኛ ቤት አይደለም» አላት። አስፋልቱን እስኪሻገሩ አየኋቸው።
«ጎበዝ!» አለ ማናጀሩ። «አነጋገርዎ እኮ ተስተካከለ።»