የተሰበረው ማረሻ

ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.፣ ጎንደር

ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል። ብረት ቅጥቀጣ የሚያስተምሩኝ አያ ታከለ ዘንድ ማረሻ ያሠራ የትክል ድንጋይ ገበሬ ዛሬ ለሁለት ተሰብሮበት መጣ። «አንተ ቡዳ፣ በዓይንህ በላኸው!» ብሎ ሽማግሌውን በሰው ፊት ሰደባቸው። ምን ዓይነት ድንቁርና ነው! ስብራቱ እኮ እንደ አሞሌ ጨው ያብለጨልጫል፤ በልኩ የጋለ ብረት ቢሰበር እንኳ ውስጡ እንደ ዱቄት የላመ ነው።

ማረሻው የተሠራ ዕለት አያ ታከለ «ብረቱ በርበሬ ሲመስል ከእሳቱ አውጣው፤ ከነጣ ይበላሻል» ብለውኝ ገበያ ወጡ። እኔ ግን ቶሎ እንዲለሰልስልኝ ብዬ እስኪነጣ ድረስ እሳት ውስጥ አቆየሁት።

ዛሬ ስብራቱን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«እውነትህን ነው ልጄ፣ የዓይኔ ጥፋት ነው» አሉት ገበሬውን። «እሳቱን ትቼ ሄጄ ነበር።»

እኔም ወናፉን መንፋቴን ቀጠልኩ።