አራስ ቤት ያልገባ መርዶ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛሬም ተወቀስሁ፣ ደብተሬ። ከት/ቤቱ የመጣው መልእክት ቀላል ነበር፤ ሐሙስ ለልጆች የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጣል፣ ቁርስ አብልታችሁ ላኩ። ቲቸር ካሪሚ በስዋሂሊ ጻፈችው፤ እኔ እንደ ወትሮው በአማርኛ አንብቤ ድምፄን በስልክ ለወላጆች ላክሁ። ስዋሂሊም እንግሊዝኛም ለማያነቡ ወላጆቻችን የት/ቤቱን ነገር የማደርስ እኔ ነኝ። ፈተና፣ ክትባት፣ የታመመ፣ የቀረ።

ችግሩ ድምፄ ነው። ከድንበሩ ወዲህ፣ በኬንያ በኩል ላለነው የእድሩም አፍ እኔ ነኝ፤ ሰው ሲሞት የማረዳ፣ የቀብሩን ሰዓት የማስነግር። ወ/ሮ አለሚቱ «ውድ ወላጆች» የሚለውን ሰማች፤ የቀረውን አልሰማችም። ከነሳሙና እጇ ት/ቤት ድረስ ሮጠች። ልጇን ኳስ ሲያባርር አገኘችው። በጥፊ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ።

«የኔታ፣ እርስዎ ገና ጉሮሮዎን ሲጠርጉ እኮ እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄያለሁ! ለትል ከሆነ ሳቅ ብለው ይጀምሩልን እንጂ!»

የሚመጣውን በእልልታ እጀምረዋለሁ አልኋት። ሳቀች። የሰኔ ጾም ከገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ። ጉልበቴ ደኅና ነው። ድምፄን ግን ምን ላድርገው?

ሐሙስ፣ ሰኔ 5፣ አቦ። ከቀኑ 10 ሰዓት

አስፋው ሞተ። ነፍስ ይማር።

ከያቤሎ ወዲያ አይሱዙ መኪናው ተገልብጦ። ሽንኩርትና ጤፍ የሚያመላልስ ሾፌር፤ ሳቂታ ሰው። ትውልድ አገሩ ዲላ ወስደው ቀበሩት። ወሬውን ያመጣው የሥራ ባልደረባው ነው፤ አይኑ ደም ለብሶ መጣ። ሚስቱ ወይንሸት አራስ ናት፤ ወንድ ልጅ ከወለደች ገና መታጠቂያዋን አልፈታችም። ታላቂቱ ሳምራዊት ሦስተኛ ክፍል ናት። ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ።

የእድሩ ሽማግሎች በተስፋዬ ስልክ መሸጫ ተሰበሰብን። ተስፋዬ የወይንሸት ወንድም ነው። በሩን ዘጋ። ደንግጣ ወተቷ ቢደርቅ ሕፃኑን ምን እናጠባዋለን፣ እስከ ክርስትናው ይቆይ አለ። ስልኳን አስቀድሞ «መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ልጠግነው» ብሎ ወስዶባታል። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። ደንቡን አውቃለሁ፤ ለአራስ መርዶ አይነገርም። ይቆይ አልሁ። ቃሌ ጸና፤ ተበተንን።

ስለ ልጅቱ ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ቲቸር ካሪሚ አስጠራችኝ። ከሜሩ ከተማ የመጣች ወጣት ናት፤ በት/ቤቱ የልጆችን ደኅንነት የምትከታተል። ስልኳን ዘረጋችልኝ። የአስፋው ፎቶግራፍ፤ በጎኑ የሻማ ሥዕል፤ ከላይ «ፖሌ» የሚል የማጽናኛ ቃል፤ ከሥር ለቤተሰቡ የመዋጮ መላኪያ ቁጥር። ከሾፌሮች ልጆች ሰምታ በአንድ ሌሊት አዘጋጅታዋለች። በአገሯ የደግ ሰው ሥራ ይህ ነው፤ ፈጥኖ መንገር፣ ፈጥኖ ማዋጣት። አሁን በአማርኛ አንብብልኝና ለወላጅ ሁሉ እንላከው ትለኛለች።

ይህ ቢላክ ወዲያው አለሚቱ ስልክ ላይ ነው። አለሚቱ ዘንድ የደረሰ ደግሞ አጥሩን ተሻግሮ ወይንሸት ጓዳ ገብቷል።

ለመንኋት። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ እንደማይነገር፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ፣ ዘመድና ጎረቤት አንድ ላይ እንደሚሄድ፤ የምትረዳዋን ሴት በግራና በቀኝ የሚይዛት ሰው እንደሚያስፈልግ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ እንደ ልማዷ «ምዜ»፣ ሽማግሌ፣ ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ምዜ፣ ልጅቷ ታውቃለች?»

አታውቅም አልሁ። ፊቷ ተለወጠ። ክፍሉ ሁሉ የሚያውቀውን እርሷ ብቻ ሳታውቀው፣ እኔ ፊቷ ቆሜ መደመር ላስተምራት ነው? አለች። እስከሚመጣው ዓርብ የወላጆች ስብሰባ መልእክቱን ላትልክ ቃል ገባች። ነገር ግን ልጅቱ ራሷ ብትጠይቃት አትዋሽም። ይህንንም ቃል ገባች።

ተቈጥቼ ወጣሁ። በማን ላይ እንደ ተቈጣሁ አላውቅም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

በቅዳሴ ጊዜ የአስፋውን ስም ካህኑ ጮኾ እንዳያነሣ አደራ አልን፤ የወይንሸት ጎረቤቶች በዚያ ቆመዋልና። ክርስቲያን ሞቶ ስሙ በሹክሹክታ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አዝዤ አላውቅም።

ከዚያ አራስ ጥየቃ። ወይንሸት ፊቷ ወዝቷል፤ ቀልዷ መጥቷል።

«የኔታ፣ ያ ሰውዬ ለክርስትናው በግ ልግዛ ብሎ ወጣ፤ በጓን አግብቶ ቀረ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። መንገዱ ከባድ ነው አልኋት። ሐሰት አልተናገርሁም፤ እውነትም አልተናገርሁም። እንዲህ ላለ ንግግር ተማሪዎቼን እገሥጽ ነበር።

ሳምራዊት ታስተናግደናለች። ውኃ ታመጣለች፣ ፎጣ ታቀብላለች፣ ሕፃኑ ሲነጫነጭ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። በእናቷ ቀልድ ከሁላችን ይልቅ የሳቀች እርሷ ናት። የተባረክሽ አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። ምን ዓይነት አስተያየት ነው? አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ደብተሬ፣ እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ?

ረፋድ ላይ ካሪሚ ደወለች፤ ስለ ሳምራዊት ነው፤ ቶሎ ና። ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ይዤ ሄድሁ። ልጅቱ ትናንት ጉዮ የሚባል የክፍሏን ልጅ በቦርሳ መትታዋለች። በክፍል አትናገርም። ምሳም አትበላም፤ ግን ሩዝ የሚሰጥ ቀን ትበላለች፣ የማትነካው በቆሎና ባቄላውን ብቻ ነው። ምናልባት የትሉ መድኃኒት ሆዷን ረብሿት ይሆን? ለእናቷ መልእክት ልላክ? ትለኛለች።

በቆሎና ባቄላ። የተቀቀለ።

ለካሪሚ የት/ቤት ምሳ ነው። ለእኛ ንፍሮ ነው፤ የለቅሶ ቤት እህል። ሳምራዊት ት/ቤት ከገባች ጀምሮ ስትበላው የኖረችው፣ ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ሆነባት።

ጥሯት አልሁ። ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። ጉልበቴን ሳመች። ለምን እንደማትበላ ጠየቅኋት። ደግሜ ጠየቅኋት።

«የለቅሶ ነው።»

የማን ለቅሶ አልኋት፤ ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?

«ያውቁት የለ እንዴ፣ የኔታ።»

ጉዮ አባቱ ሾፌር ነው፤ በዚያው በሐሙስ ነግሯታል። የመታችውም ስለ ነገራት አይደለም። አጥር ዘሎ ሊያጽናናት ቤቷ ድረስ እመጣለሁ ስላላት ነው። እናቷ ትሰማለቻ! አጎቷ ሱቁን ዘግቶ የእናቷ ወተት ይደርቃል ሲል ከግድግዳው ውጭ ቆማ ሰምታለች። ወተቱ ከደረቀ ሕፃኑ ወንድሟ አቡሽ ይሞታል፤ ስለዚህ ዝም አለች። እኛ ሽማግሎች ተሰብስበን የተሸከምነውን እርሷ ብቻዋን ተሸክማ፣ እሑድ ዕለት ፎጣ ታቀብለን ነበር።

«ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ፣ እሺ?» አለችኝ። ቀጥላም «የኔታ፣ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የት ሄዶ ነው? እዚህ ሽንት ቤቱ ሁልጊዜ ሰልፍ አለው።»

ሁሉንም ለካሪሚ ተረጐምሁላት፤ አንዲት ቃል አላጎደልሁም። ነግሬህ ነበር አላለችኝም። ሄዳ የቢሮዋን ቁልፍ አምጥታ በልጅቱ መዳፍ ላይ አኖረች። በእረፍት ሰዓት ሰው አይገባበትም አለቻት። ሳምራዊት ቁልፉን ጨብጣ ሄደች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ተስፋዬ ጋ ሄድሁ። ነገርሁት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ ሲያምን ደግሞ ባሰበት። ታዲያ ካወቀች አወቀች፣ እናትየዋ ግን እስከ ክርስትናው ትቆይ አለ። ልጅቱ እስከዚያ ምን ታድርግ? ስለው እጁን በጠረጴዛው ላይ መታ።

«የኔታ፣ ኬንያዊ ሆኑብን እንዴ? መርዶ የዘመድ ነው፤ የቲቸር አይደለም!»

የዘመድ ከሆነ ያቺ ልጅ ዘመድህ ናት አልሁት። ደንበኞቹ ዘወር አሉ።

«እሺ። ሕፃኑ አንድ ነገር ቢሆን በእርስዎ አንገት!»

ይህችን ቃል ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው። ነርሷ የቦረና ሴት ናት፤ ብዙ አራስ ያየች። ድንጋጤ ወተትን ለጥቂት ቀን ሊያሳንሰው ይችላል፤ ሕፃኑን ደጋግሞ ማስጠባት፣ እናቲቱን ማጠጣት፣ ብቻዋን አለመተው፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል አለች። ብዙ ጊዜ። ሁልጊዜ አላለችም። በዓይኔ ለመንኋት፤ ዋስትና ግን አልሰጠችኝም። እርሷም በመርዶው ጠዋት ቤት ልትመጣ ፈቀደች፣ የምትጠራ ከሆነ።

ፈራሁ፣ ደብተሬ። ስለ ሞት ብዙ ያስተማርሁ ሰው ስለ አንዲት እናት ጡት ፈርቼ ጸሎቴ ተደነቃቀፈ። ደንቡን የሠራው ርኅራኄ ነው፤ አባቶች ያለ ነገር አልሠሩትም። ሲሠሩት ግን የምትሰማ፣ የምታስብ፣ ጓዳ ውስጥ የቆመች ልጅ አልታሰበቻቸውም ይሆን? ወይስ በዚያን ዘመን ልጅ በሰው ሁሉ መካከል ያለቅስ ነበር? እንጃ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹን ሰብስቤ ቃሌን አነሣሁ። ይቆይ ያልሁት እኔ ነኝ፤ አይቆይም ያልሁትም እኔ። ነገ ጎሕ ሲቀድ። ሁለቱ ተስማሙ። ሦስተኛው ከተስፋዬ ጋር ነው። ተስፋዬ ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ ት/ቤት። በካሪሚ ቢሮ ለሳምራዊት ነገርኋት፤ ነገ ለእናትሽ እንነግራለን። ቀለሟ ጠፋ።

«ወተቱስ?»

የነርሷን ቃል እንዳለ ነገርኋት፤ ብዙ ጊዜ የሚለውንም ሳልደብቅ። ከዚህ ወዲያ ይህችን ልጅ በግማሽ ቃል አላናግራትም።

«እማዬ ራሷን ስትጥል አቡሽን ማን ይይዘዋል?»

አለሚቱ አልኋት።

«አይሆንም። እትዬ አለሚቱ ጋ ያለቅሳል። እኔ ጋ ነው ዝም የሚለው።»

በመርዶ ቀን ልጆች ወደ ጎረቤት ይሸሻሉ፤ ደንብ ነው። ካሪሚን አየሁ። ካሪሚ እኔን አየችኝ። እሺ አልሁ፤ አንቺ ትይዢዋለሽ፤ አለሚቱም ከአጠገብሽ ትቆማለች፣ ስትደክሚ ትሰጫታለሽ።

ልጅቱ ስትወጣ ካሪሚ መልእክቱን እስክደውል እንደምታቆይ አረጋገጠችልኝ። የመዋጮውን ቁጥር በሌላ ቀን ላኪው፣ መጀመሪያ ስሙ ብቻ ይነገር አልኋት፤ ተስማማች። እኔስ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች። ድንኳኑ ሲተከል መጥተሽ ተቀመጪ አልኋት።

«ምን እያልሁ?»

ምንም ሳትዪ።

«ምንም?»

ምንም። ለመምህር ከባድ ቅጣት ነው አለች። ለእኔ ለመሪጌታውም እንደዚያው አልኋት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት

አለሚቱ ግቢ ነን፤ በአጥሩ ማዶ የወይንሸት ቤት ይታያል። እጄ ሥራ ስለ ፈታ እጽፋለሁ። ነርሷ መጥታለች። አለሚቱ ነጠላዋን እንደ ወትሮው ለብሳለች፤ ቃሉ እስኪወጣ አይዘቀዘቅም። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘዋል።

ተስፋዬ መጣ። ሰላም አላለኝም። በቀኝ በኩል እኔ እይዛታለሁ ብሎ ለአለሚቱ ነገራት። ይበቃኛል።

ስለ ዓለም ከንቱነት የማስቀድመውን መግቢያ ትቼዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ ስሙን፣ ማረፉን። ሌላው በኋላ።

የተነጋገርነው ይህ ነው፤ ሕፃኑ ጠብቶ ሲጠግብ ሳምራዊት ላስገሳው ብላ ከእናቷ ትቀበለዋለች፤ በሩን ትከፍታለች። እርሷ ሳትከፍት አንገባም።

መብራት በራ። ሕፃኑ ያለቅሳል። ወይንሸት የሆነ ነገር ትለዋለች፣ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ትስቃለች መሰለኝ። አሁን ዝም አለ። ይጠባል።

እንጠብቃለን። ሰማዩ በድንበሩ ማዶ ነጣ። ጌታ ሆይ፣ በደንብ ይጥባ።

መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ። ሳምራዊት ናት። ታቅፋዋለች፤ ራሱን በትከሻዋ ላይ —