በጠራራ ፀሐይ ስላጠፋሁት መብራት

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለታሪኩ፤

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ፍቅርአዲስስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት ወይ? ሉሲስ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? አንተስ የመብራት ምሰሶ ላይ ስትወጣ ቀበቶህን ታጠብቃለህ? እማማ ይህን ሳትጠይቂው ደብዳቤሽን እንዳትዘጊ ብላኛለች። እሷና አባባ ቡሌ ደህና ናቸው፤ ዝናቡ በጊዜው ገብቶላቸዋል። እኔም ከናፍቆታችሁና ከንዴት በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ንዴቴ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔው ስማ። ልመረቅ ጥቂት ሲቀረኝ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ዘንድ ተከስሻለሁ። ሰኞ ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ ይቅርታ ካልጠየቅሁ ለአንድ ዓመት እታገዳለሁ። ምን አጥፍተሽ ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። መብራት ነዋ! መብራት አጥፍቼ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አብራኝ የምታድር ሀጅራ የምትባል የወናጎ ልጅ አለች፤ ሰው መለመን የማይሰለቻት። እሷ አምና ኃይል የሚቆጥብና ቆሻሻ የሚለይ ክበብ አቋቋመችና እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። ማታ ማታ ባዶ ክፍል እየዞርን መብራት እናጠፋለን። ሃይላንዱን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላን ለቆራሌዎች እንሰጣለን። ካፌ የሚሠሩትን እናቶች ለምነን የድንችና የጎመኑን ልጣጭ ለብቻ እንዲያስቀምጡልን አደረግን። እኔን ከልቤ ያስገባኝ ግን ቅጠሉ ነው። እዚህ ግቢ በየጠዋቱ የዛፍ ቅጠል ተጠርጎ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይቃጠል ነበር። አባባ ከቡና ሥር ቅጠል ያነሳ ልጅ ላይ እንዴት እንደሚጮህ አትረሳም። እሱ ዘንድ ቅጠል የወደቀበት ይበሰብሳል እንጂ ከማሳ አይወጣም። እኔም የሚቃጠለውን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበርና ጉድጓድ ቆፍረን ከልጣጩ ጋር እየደባለቅን ቀበርነው። ታሪኩ፣ የወጣውን አፈር ብታየው! ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ ሽታው የጓሯችን ሽታ። ክረምቱ ሲገባ ግቢው ውስጥ ለምንተክለው ቡና ብለን በስስት ነበር ያስቀመጥነው።

ከዚያ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ኮሌጁ በጽዳትና በኃይል ቁጠባ አርአያ ነው ተብሎ ሊሸለም! ዲኑ ዶክተር ገበየሁ ጉድጓዳችንን መጥተው አዩና አፍንጫቸውን ይዘው ይህ ቆሻሻ ከእንግዳ ዓይን ይጥፋ አሉ። በማግስቱ የጭነት መኪና መጣ። ዓመት ሙሉ የለየነውን ሃይላንድ፣ ካርቶኑን፣ ያን አፈር፣ ሁሉንም ባንድ ላይ አግበስብሶ ከከተማ ውጭ ገደል ከተተው። ሀጅራ መኪናው ፊት ቆማ ለመነች፤ ማን ይስማት። በምትኩ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ተደረደሩ፤ ላስቲካቸው እንኳን ያልተገፈፈ። ሀጅራ የማስቲካ ወረቀቷን ልትጥልበት ብትጠጋ ጥበቃው ይቆሽሻል ብሎ መለሳት። ማጠራቀሚያዎቹ ፎቶ ከተነሱ በኋላ ተመልሰው መጋዘን ገቡ። ይህን ያህል ዓይን ያወጣ ነገር አይቼ አላውቅም!

ማክሰኞ እንግዶቹ መጡና አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። እኩለ ቀን ነው፤ ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቶ፣ ያለው አምፖል ሁሉ በርቶ፣ ዶክተር ገበየሁ ስለ መብራት ቁጠባ ይናገራሉ። እያንዳንዷ አምፖል የልጆቻችን ናት አሉ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ፤ በዚያ ሐሩር ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለህ ሽቦ ስትወጥር። አባባም ትዝ አለኝ። የመብራት መስመሩ ከጣሪያችን በላይ አልፎ ሄዶ እሱ ዛሬም እራቱን የሚበላው በኩራዝ ነው። ተነስቼ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት። አዳራሹ ቦግ አለ። ከዚያ ማጥፊያውን ተጫንኩት።

የአዳራሹን መስመር የዘረጋው ሰው ለካ ማይክራፎኑንም እዚያው ላይ ቀጥሎት ኖሯል! አንተ ብትሆን እንዲህ አትሠራም። የዲኑ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ተማሪው በሳቅ ፈነዳ፣ አጨበጨበ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ማይክራፎኑን አስቤም አላውቅ፤ ግን ማን ያምነኛል? ክሱ ላይ ሆን ብላ ኮሌጁን አዋረደች የሚል ተጽፏል። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ክፍል እየዞርኩ ሳጠፋ ማንም አልከሰሰኝም።

ለአባባ ስልክ ደውዬ ስነግረው ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ልታገድ እንደምችል ነገርኩት፣ ቀጥዪ አለኝ። አፈሩን ገደል እንደደፉት ስነግረው ግን ድምፁ ተለወጠ። ገደሉ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ መኪና ይደርስበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ መታገዴ ያነሳው በመጨረሻ ነው። ልጄ፣ ከትምህርትሽ እንዳያስቀሩሽ አለኝ። እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። አንተ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጥከው እኔ እንድማር መሆኑንም አልረሳሁም። አንድ ዓመት ብታገድ የማቃጥለው የራሴን ዓመት ብቻ አይደለም። ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ቢሆንም ቆርጫለሁ። ሰኞ እቆማለሁ። ዶክተር፣ ንግግርዎን ሳላስበው ስላቋረጥኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ እላለሁ፤ ከልቤ ነው፣ ሰው ሲናገር ማቋረጥ እማማም አላስተማረችኝም። ለመብራቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ያን ካላልሽ አንመርቅሽም ካሉኝ ቡሌ ገብቼ ከአባባ ጋር ቡና እኮተኩታለሁ። አንተ ካዘንክብኝ ግን ያን አልችለውም፤ ከሰኞ በፊት ደውልልኝ።

ፍቅርአዲስን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ወገቧን በሙቅ ጨርቅ እንድትይዘው ንገራት። ጎረቤታችሁን እማማ አትጠገብን እጅ ንሣልኝ፤ የላኩልኝ ጋቢ ለዲላ ዝናብ ደርሶልኛል። ሉሲን ግንባሯን ሳምልኝ። ቀን ላይ የበራ መብራት ካየች ሮጣ ታጥፋው፤ ማንንም አታስፈቅድ። አክስቷ ፈቅዳላታለች።

እህትህ ሮሆቦት

ዲላ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.