ታንኳህ እንዳይሰነጠቅ

ጋምቤላ፣ ኅዳር ፳፪

ለተወደድህ ልጄ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ዲማ ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወርቅ በሚቆፈርበት ጉድጓድ አቧራው ደረት ይይዛል ሲሉ እሰማለሁና፣ ስለ ደረትህ ሳትሸሽግ ጻፍልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ ሱቁም ይሠራል።

ከጻፍሁልህ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የታንኳህ ነገር ነው።

ዓሣ አጥማጁ ባልንጀራህ ኦሞድ እስከ አምና ድረስ እየሠራበት አቆይቶልህ ነበር። ዘንድሮ ግን በሞተር ጀልባ ተቀጠረና ታንኳህ ዳር ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይመታው ጀመር። በጥቅምት መግቢያ ሱቅ ድረስ መጥቶ «ሼህ፣ ታንኳ ውሃ ካልነካ ይሰነጠቃል። ወይ ሽጠው፣ ወይ ቅዘፈው» አለኝ። አንቱታን እስከ ዛሬ አልለመደም፤ እኔም ማረሙን ትቻለሁ።

የአንተን ንብረት ያለ ፈቃድህ መሸጥ አማናን ማጉደል ነው፤ ሲሰነጠቅ ቆሞ ማየትም ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ በስድሳ አራት ዓመቴ መቅዘፍ ልማር ብዬ ወደ ባሮ ወረድሁ።

አርባ ዓመት ቁርአን ሳስተምር መማር ምን እንደ ሆነ ረስቼው ኖሯል። የደጋ ሰው ነኝና ታንኳህን እንደ በቅሎ ያዝሁት። ግራና ቀኙን በጉልበቴ ጨመቅሁ፤ ወደ ግራ ሲያዘነብል ሰውነቴን ወደ ቀኝ ጣልሁ። በቅሎ በዚህ ትረጋለች፤ ታንኳ ግን ገለበጠኝ። ዳር ላይ ልብስ የምታጥበው ኛቾል «ሼህ፣ ልብስ መጀመሪያ ይወልቃል፤ ከዚያ ነው የሚታጠበው!» ብላ አጣቢዎቹን ሁሉ በሳቅ አፈረሰቻቸው። ልገሥጻት አፌን ስከፍት ውሃ ገባበት።

በማግስቱም በዚያው ስሕተት ወደቅሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ከውሃው ስወጣ ትከሻዬ ተሸማቅቆ አገኘሁት። ምን እየጠበቀ እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ። መምህሬ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ትከሻዬ ግን አለንጋቸውን አልረሳም። ኦሞድ ታንኳውን አቃንቶ ያዘልኝና «እንደገና» አለ። ስንት ጊዜ ልወድቅ ነው ብዬ ስጠይቀው «እስኪያልቅ ድረስ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

በሰባተኛው ቀን ሳላስበው ጉልበቴ ላላ። ታንኳው ሲያዘነብል አብሬው ሄድሁ፤ እርሱም ራሱ ተመልሶ ተስተካከለ።

በዚያው ሳምንት ሪድዋና የምትባለውን የጎረቤት ልጅ ቂርአት ላይ አንዲት አንቀጽ አራት ጊዜ አሰናከለቻት። አንተን ያሰናከለችህ አንቀጽ ናት። እጄ ወደ ለመደው ነገር ሊሄድ ሲል ያዝሁትና «እንደገና» አልኋት። በአምስተኛው ቀናላት፤ ፊቷ እንዴት እንደ በራ ብታይ ደስ ባለህ ነበር።

አንተን ባሰናከለችህ ዕለት አሥራ ስምንት ዓመትህ ነበር። አብረውህ በሚቀሩት ደረሶች ሁሉ ፊት ስንት ጊዜ እንደ መታሁህ ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። በማግስቱ የዲማን መኪና ተሳፈርህ። ተግሣጽ አያስፈልግም የሚሉትን ዛሬም አልቀበላቸውም። ነገር ግን ስሕተትና ጥፋት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን በኪታብ ሳነብበው ኖሬ፣ ያወቅሁት ባሮ ውስጥ ነው።

አሁን ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ቁልቁል እቀዝፋለሁ። ነፋሱ ያምራል፤ ዓሣ አጥማጆቹም እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል። ልቤ እንዲህ ካረፈ ብዙ ጊዜው ነው። ሽቅብ መቅዘፍ ግን አልቻልሁም። ታንኳህን በገመድ እየጎተትሁ በዳርቻው በእግሬ እመለሳለሁ፤ ኛቾልም «ሼህ፣ ላምህን ከግጦሽ መለስህ?» ትለኛለች።

ሽቅቡንም አስተምረኝ ስለው ኦሞድ እምቢ አለኝ። «ውሃው ከዳር በኩል የት የት እንደሚረጋ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ልጅህ ነው፣ እኔንም ያስተማረኝ እርሱ ነው» አለኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ወንዝ ዳር ስታረፍድ ሥራ የፈታህ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ሽቅቡን ከአንተ ልማር አስቤአለሁ። ይህን እንደ ትእዛዝ አትቁጠረው። ልመናም አልለመድሁምና ምን ብለህ እንደምትቆጥረው ለአንተ ትቻለሁ። ቀኑን አንተ ቁረጥ፤ ተማሪ ከመምህሩ ቀድሞ መገኘት እንዳለበት አውቃለሁ።

እናትህ ሰላም ብላሃለች፤ ከዚህ በላይ የምትለውን ግን በወረቀት አልልክም ብላ ይዛዋለች። አላህ ከናዳ ይሰውርህ፤ ደረትህን ያስፋልህ፤ እጅህ የነካውን ሁሉ በረካ ያድርግልህ።

አባትህ