ጨረቃ ትሽከረከራለች፣ እውነት ወይስ ሐሰት?

ሰኞ

ደሜ ፈልቷል። ተማሪዬን ምህረትን ፈተና ላይ አንድ ነጥብ ከለከሏት! ጪጩ ካለው ትምህርት ቤት ወደ ዲላ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ሳጉረመርም የባጃጁ ሾፌር በመስታወት ደጋግሞ አየኝ።

ጥያቄው ጨረቃ በራሷ ዛቢያ ትሽከረከራለች ይላል። ምህረት እውነት አለች። የመልሱ ወረቀት ሐሰት ይላል። በዚህች ነጥብ ሁለተኛ ወጣች። ከስምንተኛ ክፍል ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሄደው አንደኛው ብቻ ነው።

ማክሰኞ

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዳንኤል ጋ ገባሁ። ብትሽከረከርማ ጀርባዋን እናይ ነበር አለኝ። ሳይንስ አስተማሪ!

ምድርን አንዴ ዞራ እስክትጨርስ ራሷም አንዴ ትሽከረከራለች፣ ሁለቱም ሃያ ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅባታል፣ ለዚህ ነው አንድ ፊቷን ብቻ የምናየው ብዬ አስረዳሁት። አዲሱ መጽሐፍም ይህንኑ ይላል። ወረቀቱ አንዴ ጸድቋል ብሎ ሻዩን ማማሰል ቀጠለ።

ዛሬ ያናደዱኝ፦ ዳንኤል። ሻዩ። ዝም ብለው የሰሙት ሌሎቹ መምህራን።

ረቡዕ

ምህረትን እንዴት እንደገባት ጠየቅኳት። እናቷ ቡና በሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ዙሪያ ብልሹውን ፍሬ እየለቀመች ነው የምታድረው፣ ማለቴ የምትውለው። ንዴቱ እጄንም አሳስቶታል።

"እናቴ አልጋውን ስትዞር ፊቷ ሁሌ ወደ ቡናው ነው" አለችኝ። "ዞራ ስትጨርስ ግን ወደ ዲላም ወደ ይርጋጨፌም ፊቷን አዙራለች። ሳትሽከረከር እንዴት?"

እኔ እንኳ እንዲህ አላስተማርኳትም።

ሐሙስ

ዳንኤልን እየጎተትኩ ማድረቂያው ጋ ወሰድኩት። ፊትህን ከቡናው ሳታነሳ ዙር አልኩት። ለቃሚዎቹ ሳቁበት። ዞሮ ሲጨርስ ፊቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ መዞሩን አመነ።

ቢሮ ተመልሰን ነጥቡን አስተካከለ። አሸነፍኩ! ከዚያ ከቁም ሣጥኑ የመልሱን ዋና ቅጂ አወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት በእጅ የተጻፈ ነው።

"አስቴር፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?"

የእኔ ነው። ያኔ ያወጣሁትን ጥያቄ ነው ዘንድሮ በኮምፒውተር ገልብጠው የሰጡት።

ዓርብ

ምህረት አንደኛ ሆነች። እናቷ አቀፈችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከሁለት ዓመት በፊት ታሪኩ የሚባል ተማሪዬም እውነት ብሎ ነበር። በአንድ ነጥብ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ቀረ። ሊጠይቀኝ ሲመጣ "ጀርባዋን አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀበት። እኔም ሳቅኩ። አሁን ትምህርቱን ትቶ ጨለለቅቱ ከተማ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ገብቷል አሉኝ።

አራት ቀን ሙሉ በዳንኤል ስቃጠል ሰነበትኩ። በማን መናደድ እንደነበረብኝ አሁን ገባኝ።

ነገ ጨለለቅቱ እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።